ወናፉን የነፋሁበት ቀን

ፎቶ ቤቴን መተማ የከፈትኩት ልጄ ከመወለዷ በፊት ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ካሜራውን የሸጠልኝ ከማዶ ከሱዳኗ ገላባት የተሻገረ ሰው «ይህን ትጫናለህ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድልህ ነው» ብሎኝ ሄደ። መመሪያው በቻይንኛ የተጻፈ ስለነበር ሥዕሎቹን እያየሁ ሦስት ክረምት አጠናሁት። በዚህ ለረጅም ጊዜ ኮርቻለሁ። ራሱን የሚያስተምር ሰው ግን መምህሩም ተማሪውም አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ፤ የሚያርም ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው የለም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለትምህርት ቤት። ከኋላ ነጭ አንሶላ፣ ከፊት አንድ በርጩማ፣ ከዚያ ሕጉ፦ አንገት ቀና፣ አፍ ዝግ፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ። በእኛ ሙቀት ሰው በርጩማው ላይ ገና ሲቀመጥ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እሱን በፎጣ አደርቅለታለሁ እንጂ ወጣቶቹ በስልክ እንደሚያደርጉት ፊቱን አላቀላም፣ አፍንጫውን አላቀጥንም። ፎቶ ምስክር ነው፤ የሐሰት ምስክርነት ደግሞ ኃጢአት ነው። ይህን ለደንበኞቼ ሁሉ ሳልታክት ነግሬያለሁ። ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል፤ አፋቸውን እንዲዘጉ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝና።

በመስከረም አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። እንደ ወጉ እሺታ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጄን ለአንድ የሽንፋ ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ልጄ በከተማችን መምህርት ናት፤ ልጁን በየት በኩል እንዳወቀችው አልጠየቅሁም፤ ይህን የሚጠይቅ አባት መልሱን መስማት ይኖርበታል።

«ሥራው ምንድን ነው?» አልኩ።

«በያጅ ነው። ከኮኪት እስከ ገለጉ የተሰበረ ትራክተር ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው።»

«መልካም። አባቱስ?»

ከሦስቱ አንዱ ሳለ። ሁለተኛው ጣሪያውን አየ። ሦስተኛው፣ ትልቁ፣ «አባቱም ከብረት ጋር ናቸው» አሉ።

«በያጅ ናቸው?»

«እሳቸው... በእጅ ነው የሚሠሩት።»

ቀጥቃጭ ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ቡዳ ሰው ይበላል ብዬ አላምንም። መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ለልጆቼም የሰው ዘር አንድ ነው ብዬ አስተምሬያለሁ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ያነበብኩት ሁሉ አንድም ቃል አልረዳኝም። ያው አንድ ብረት፣ ያው አንድ እሳት ነው። ልጁ በኤሌክትሪክ ሲያቀልጠው ባለሙያ እንለዋለን፤ አባቱ በከሰል ሲያቀልጠው ልጆቻችንን እንሰበስባለን። ይህን እያወቅሁ አፌ የተናገረው «ሰው ምን ይላል?» የሚለውን ነው።

«እስከ መቼ እንጠብቅ?» አሉ ትልቁ።

«ሰሊጥ እስኪገባ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። ልጄ በመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሺ አባዬ» ከሚለው በቀር ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ «እሺ»ዋ ግን በየቀኑ እየከበደ ሄደ።

በጥቅምት መግቢያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ወረቀት አመጣችልኝ። አንድ መሥሪያ ቤት በከተማችን ለሚደረግ የገበያ ትርኢት የባህል ባለሙያዎችን ፎቶ ይፈልጋል፤ በትልቁ ታትሞ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሥራውን ለእኔ አስገኝታልኛለች። ደስ አለኝ፤ ግን አላሳየሁም። ዝርዝሩን አነበብኩ። ኮኪት፦ የጠፍር አልጋ ሠሪና ሸማኔ። ሽንፋ፦ ቀጥቃጭ።

ሽንፋ ውስጥ ስንት ቀጥቃጭ እንዳለ አልጠየቅሁም። እሷም አልነገረችኝም። እናትዋ ድንገት የምስር መልቀም ሥራ ያዘች።

ኮኪት በርጩማዬንና አንሶላዬን ተሸክሜ ወረድኩ። አልጋ ሠሪው እንደምመጣ ተነግሮት ስለነበር ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ሰዓት አስሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ ጠበቀኝ። ግቢው ተጠርጓል። አንድም አልጋ፣ አንድም ቆዳ፣ አንድም ቢላዋ አይታይም።

«ዕቃህ የት ሄደ?» አልኩት።

«ለፎቶ ብዬ ጎረቤት አስቀመጥኩት። ቆሻሻ ነው፣ ይሸታል።»

አመሰገንኩት! ሰው ለፎቶ እንዲህ ሲዘጋጅ ደስ ይለኛል። አንሶላዬን በቆመ መኪና ጎን ላይ ወጥሬ፣ በርጩማው ላይ አስቀምጬ፣ ጆሮውን አሳይቼ አነሳሁት። ሸማኔውን ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሠራ አገኘሁት። «ሰው እንደ ድንች ተቀብሮ ፎቶ አይነሳም» ብዬ ገሠጽኩትና ጎትቼ አወጣሁት። አንሶላዬ በአቧራ ስለቆሸሸ እሱ የሸመነውን ጋቢ ከኋላው ሰቀልኩ። በጣም ያምር ነበር። ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ ነጭ ነገር ነው።

ማታ ልጄ ፎቶዎቹን አየች። አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ፓስፖርት ሊያወጡ ነው?»

«ምን ጎደለው?»

«እጅ።»

«ጆሮው በደንብ ይታያል እኮ።»

«በጆሮው ነው እንዴ የሚሸምነው?»

እናትዋ ምስሩን ትታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ክፍሌ ገብቼ በዘመኔ ሁሉ ያነሳኋቸውን ሰዎች አሰብኩ። ከተማው በሙሉ በእኔ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አንድም እጅ የለውም።

ስለዚህ ሽንፋ ስሄድ አንሶላውን ቤት ትቼ ሄድኩ። ሰሊጥ ሊያመጣ በሚወርድ አይሱዙ ጀርባ ላይ፣ ሳሉግ በምንላቸው የአጨዳ ሠራተኞች መካከል ተጣብቄ ስጓዝ ራቁቴን የወጣሁ ያህል ተሰማኝ። አንዱ ጎጃሜ የሦስት እግር ማቆሚያዬን አይቶ «አባት፣ ይህ አዲስ ማጭድ ነው?» አለኝ።

«የፎቶ ነው። ቀጥቃጭ ላነሳ ነው።»

«እርሳቸውንማ ልቀቋቸው፤ ዛሬ ማጭድ ልናስስልባቸው ነው» ብሎ ከሦስት ጓደኞቹ የሰበሰበውን የደነዘ ማጭድ አሳየኝ።

ቤቱን ማንም ሳይመራኝ አገኘሁት፤ ከከተማው ዳር፣ ወደ ወንዙ መውረጃ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ሸሚዛቸው እስከ ጉሮሯቸው ተቆልፏል፤ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ ብቅ ብሏል። ላባቸው እስከ ጫማቸው ይወርዳል። ከኋላቸው በችኮላ የቆመ አዲስ የሰሌን አጥር አለ።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አሉና ጎንበስ አሉ። የማን አባት እንደሆንኩ ያውቃሉ። የማን አባት እንደሆኑ አውቃለሁ። ሁለታችንም ግን ያንን አላነሳንም።

ሚስታቸው አዲስ ቀሚስ ለብሰው በሸራ በተሸፈነ ክምር ላይ እንድቀመጥ ጋበዙኝ። ስቀመጥ ከሥሬ አንድ ነገር ቋ! አለ።

«ምን ነበር?»

«ምንም አይደለም፣ ሸንበቆ ነው» አሉ ሴትዮዋ። ትንሽ ስንቀሳቀስ ሌላ ሸንበቆ ተሰበረ። የሸክላ ማሰሮ መሆኑን ያወቅሁት ሦስተኛው ሲሰበር ነው። የራሳቸውን ሥራ ከእንግዳ ደብቀው እንግዳውን ላዩ ላይ አስቀምጠውታል።

«ሥራ እንጀምር» አልኩ። «መዶሻዎ የታለ?»

«የምን መዶሻ?»

«ቀጥቃጭ አይደሉም?»

ሰውዬው እስክሪብቷቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ልጄ በያጅ ነው» አሉ።

«እርስዎስ?»

«እኔ የበያጅ አባት ነኝ።»

በአጥሩ ቀዳዳ የተዳፈነ ምድጃ ይታየኛል። እሳቸውም እንደሚታየኝ ያያሉ።

«ጌታዬ፣ የተላከልኝ ዝርዝር ላይ ቀጥቃጭ ነው የሚለው። ሰውን በሥራው ላይ ነው የማነሳው። እባክዎ ኮትዎን ያውልቁ፣ እሳቱን ያንድዱ።»

«ጉርድ ያንሱኝ። በጉርድ የታወቁ ነዎት ሲሉ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ይኸው።» ሁለቱንም ጆሯቸውን በጣታቸው ወደ ፊት ገፋ አድርገው አሳዩኝ።

ሰው ጉርድ አንሳኝ ብሎ ሲለምነኝ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው እንደ ጸሐፊ ለመታየት ይለምኑኛል፣ እኔ ቀጥቃጭ እንዲመስሉ እለምናቸዋለሁ። ቀጥቃጭ ስለሆኑ ልጄን የከለከልኩ እኔ፣ «ኧረ እባክዎ፣ አንዴ ብቻ ይቀጥቅጡልኝ» እያልኩ ጉልበታቸውን ለመሳም እቃጣለሁ።

በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽማግሌዎቹ ከቤትዎ ሲመለሱ ‹ጊዜ ጠይቀዋል› አሉኝ» አሉ። «ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን እኔን በአመድ ውስጥ አንስተው ለዘመድዎ ሊያሳዩ ነው። ‹ይኸው፣ በመዶሻው ያዝነው› ሊሉ ነው። የልጄን ዕድል በራሴ እጅ አልሰብርም።»

 ያ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ግን የእሳቸው ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ማወቅ አላቃተኝም። የመጣው ከእኔ ቤት ነው።

በዚህ መካከል የሰሌኑ አጥር ተገፍቶ ወደቀ። የመኪናው ላይ ጎጃሜ ማጭዶቹን በትከሻው አንግቶ ገባ።

«አያ! ሰሊጡ አፉን ከፍቷል! ከተራገፈ አለቃው እኛኑ ነው የሚያጭደን!» ከዚያ ኮቱን አየና ደነገጠ። «ምነው፣ ክስ አለብዎት?»

አጥሩ ወድቆ ምድጃው፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ፣ አልጋ ሥር የተወሸቀው ወናፍ ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። ሰሊጥ ደግሞ ለማንም ክብር አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ ማጭዱን አዩ።

«ወናፉን የሚነፋልኝ ልጄ ነበር፤ ዛሬ ትራክተር ሊበይድ ሄዷል» አሉ።

ሁላችንም ወደ ሚስታቸው ዞርን። «በአዲስ ቀሚሴ አመድ አልነካም» አሉ ሴትዮዋ። ጎጃሜው እጁን አሳየ፤ የመዳፉ ቆዳ በአጨዳ ተገሽልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አቁሜ ለጎጃሜው «ይህን ትጫናለህ፣ ከዚያ ወዲያ ዕድልህ ነው» አልኩትና ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ወናፍ ሁለት የፍየል አቁማዳ ነው፤ አንዱን ስትከፍት ሌላውን ትጫናለህ። ሲያዩት ሕፃን የሚሠራው ይመስላል። እኔ ስጫን ንፋሱ በኋላ ወጣ። አመዱ ፊቴን ሸፈነው።

«ቀስ ብለው ይክፈቱ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው።

ከፈትኩ። እሳቱ ጠፋ።

«እጅዎን አፍ አፉ ላይ ያድርጉ። አዎ። አይ፣ እንደሱ አይደለም።»

እንደገና ተቀጣጠለ። ማጭዱ መቅላት ጀመረ። እሳቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ መዶሻውን አነሱ። ብረት ሲቀላ ግን ሰውዬው ተለወጡ፤ ጀርባቸው ቀና አለ፣ ድምፃቸው ወፈረ።

«ንፋ! ንፋ እንጂ! ተኝተሃል እንዴ? በግራ! ግራህን አታውቅም?»

ሚስታቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ ነፋሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ማንም ቆሞ አስተምሮኝ አያውቅም፣ ማንም «እንደሱ አይደለም» ብሎኝ አያውቅም። በስድሳ ዓመቴ አንድ ሰው ጮኾብኝ አንድ ነገር በትክክል ሠራሁ። ዓይኔ ያነባው በጭሱ ነው ብያለሁ ለሚስቴ።

አንድ ፍንጣሪ ዘሎ የኮቱ እጅጌ ላይ አረፈ። ሽታውን ቀድሜ ያሸተትኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ማጭዱን ውኃ ውስጥ ከተው ቀዳዳውን በጣታቸው መረመሩ። ድምፃቸው ወዲያው ተመለሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ አንተ አልኩዎት። ኮቱም ተቃጠለ። ለሠርጉ የተገዛ ነበር።»

«ለየትኛው ሠርግ?»

«እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አሉ።

ማጭዶቹ ተስለው እስኪያልቁ ነፋሁ። 

ጎጃሜው አርባ ያህል ጊዜ ተጭኖ ነበር። በአብዛኛው የተነሳው የራሱ ጣት ነው። አንዱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በፎቶ ቤቴ ታሪክ እንደሱ ያለ ፎቶ የለም። መዶሻው አየር ላይ ነው፣ ፍንጣሪው እንደ ጤፍ ተበትኗል፣ አራት እጅ በግልጽ ይታያል። የማንም ጆሮ አይታይም። ልጄ እሱን መርጣ ላከችው።

ትርኢቱ ሲከፈት ፎቶው የቤት በር አክሎ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «አንጋፋው የሽንፋ ባህላዊ ቀጥቃጭ ወናፋቸውን ሲነፉ፤ ኮት የለበሱት የተከበሩ እንግዳ ሙያውን ሲሞክሩ።»

ፊቴ በአመድ ጠቁሯል። ግን እኔ ነኝ። ከተማው በሙሉ ያወቀኝ ያኔ ነው።

ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው በማግስቱ ደንዞ የከረመ መጥረቢያ ይዞ መጣ። «ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ ደበቅኸኝ? ሙያ ያሳፍራል እንዴ?» እየሳቀ መጥረቢያውን በርጩማዬ ላይ አስቀመጠው። ይህንን ቻልኩት። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የልጇን ጉርድ ልታስነሳ ገባች። ፊቴን አየች፤ ቀረብ ብላ አየች። ከዚያ ልጅቷን በነጠላዋ ጠቅልላ «ነገ እንመጣለን» ብላ ወጣች። ነገ አልመጣችም። «ሰው ምን ይላል?» ብዬ ነበር። ሰው ምንም አይልም ለካ፤ ልጁን ይሸፍናል።

ተናድጄ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወጣት በትሕትና ተቀበለኝ።

«ጽሑፉ ስሕተት ነው» አልኩት።

«ማመልከቻ ይጻፉ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ያያይዙ።»

«ጉርዱ ለምን?»

«ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ።»

«እኔ መሆኔማ እኔ ነኝ! ቀጥቃጭ አይደለሁም ነው የምለው።»

«ታዲያ ቀጥቃጩ የትኛው ነው?» አለና ብዕሩን አዘጋጀ።

በተከፈተው በር አዳራሹ ውስጥ ወደሚታየው ፎቶ፣ ወደ ኮቱ ጣቴን አነሳሁ። እውነቱ እሱ ነው፤ ለእውነት ስል ልጆች ገሥጫለሁ፣ ደንበኛ አባርሬያለሁ። ግን ጣቴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ያ ሰው በዚያ ሙቀት እስከ ጉሮሮው የቆለፈው ይህቺ ጣት እንዳትጠቁመው ነበር። እኔም ያናደደኝ ሐሰቱ አልነበረም፤ ስሙ ነበር። ጽሑፉ ንጉሥ ነው ቢለኝ ኖሮ ላርመው አልመጣም ነበር።

«ባለ ኮቱ እንግዳ አይደሉም» አልኩ። «መምህሬ ናቸው። ወናፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

«እርስዎስ?»

«እኔን እንዳለሁ ተወኝ።»

ወጣቱ ማርከር ይዞ ወጣና «የተከበሩ እንግዳ» የሚለውን ሰርዞ «መምህሩ» ብሎ ጻፈበት። ቃሉ ወደ ላይ እየወጣ ስለሄደ የመጨረሻው ፊደል ፎቶው ውስጥ የእኔ እግር ላይ አረፈ።

ሰሊጥ ገባ። በቀጠሯቸው እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ፣ እንደ ወጉ ቆሙ። በትርኢቱ በኩል አልፈው እንደመጡ ፊታቸው ያስታውቃል። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ችግር ተፈጥሯል» አሉ። «እኛ የጠየቅነው የፎቶ አንሺ ልጅ ነበር። አሁን የቀጥቃጭ ልጅ ናት አሉን። የልጁ አባት ሊያስቡበት ጊዜ ይፈልጋሉ።»

ሁለቱ ሳቃቸውን ዋጡ። መጋረጃው ተነቃነቀ። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን አኮሳተርኩ፤ አፌ ዝግ፣ አንገቴ ቀና። አንድ ሙሉ ስብከት ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ስለ ብረት፣ ስለ እሳት፣ ስለ ሰው ዘር። አልሰበክሁም።

«የኮቱ እጅጌ ተጠግኗል?» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ትንሽ አሰቡ። «አልተጠገነም።»

«እንግዲያው ቶሎ ይጠገን። እናንተም ቁጭ በሉ።»

ተቀመጡ።